የወንድሜ ሁለት ነጥብ አራት

ወንድሜን «ሁለት ነጥብ» ብዬ የሰየምኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላላክክም። የመጀመሪያ ዲግሪውን ሲጨርስ አጠቃላይ ውጤቱ ከአራት ሁለት ነጥብ አራት ሆኖ መጣ። እኔ ደግሞ በዚያው ዓመት በሒሳብ ሁለተኛ ዲግሪዬን በማዕረግ ይዤ ስለተመለስኩ አፌ አላርፍ አለ። «ሁለት ነጥብ መጣ»፣ «ሁለት ነጥብ ምሳውን በላ ወይ?»፣ «እስቲ ለሁለት ነጥብ ወንበር ልቀቁለት» እያልኩ ስቀልድበት አሥራ አራት ዓመት አለፈ። በሁለት ዓመት ታናሼ ነው። አይቆጣም፤ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ያልተቆጣ ሰው ያልከፋው ይመስለኝ ነበር። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ የዚህን ሞኝነቴን ልክ ግን እስከ ዛሬ አስልቼ አልጨረስኩትም።

ወንድሜ የሚሠራው የሕክምና ዕቃ የሚያከፋፍል መጋዘን ውስጥ ነው። ጓንት፣ መርፌ፣ ግሉኮስና ፋሻ በካርቶን ይገባል፣ በካርቶን ይወጣል። እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ሙሉ «ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ» ነበር። ተጠባባቂነትን የቀመሰው ያውቀዋል፤ ሥራው የሙሉ ሰው ሥራ ነው፣ ወንበሩ ግን የውሰት ነው። በሩ ላይ ያለው ስያሜ እንኳ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ማጣበቂያው ሲለቅ ራሱ ተነስቶ ይለጥፈዋል።

አንድ እሑድ ደወለልኝ። የሚደውለው እሑድ እሑድ ብቻ ነው፤ «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋል። የዚያን ዕለት ግን ደህንነቴን ከጠየቀ በኋላ ስልኩን አልዘጋም።

«እታለም፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ?» አለኝ።

ይህ ሰው በሕይወቱ አስቸግሮኝ አያውቅም። ታሟል ብዬ ተነስቼ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዋናው ሥራ አስኪያጅ ጠርቶት፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ በተጠባባቂ መሥራት እንደሚቀር ነግሮታል። ቦታው በሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ላለው ሰው ሊሰጥ ነው። «ትምህርቱን መጀመርህን የሚያሳይ ወረቀት ካመጣህ ቦታው ያንተ ነው። ካላመጣህ ግን ከላይህ ሰው እናስቀምጣለን፤ አንተም ታስተምረዋለህ» ብሎታል። ያቺ «ታስተምረዋለህ» የምትለዋ ቃል ወንድሜን አንጀቱ ድረስ ሳትዘልቅ አልቀረችም።

«ታዲያ ምን ችግር አለ? አመልክታ!» አልኩት።

«ውጤቴን ታውቂው የለ» አለኝ። «ራስሽ ነሽ እኮ ስም ያወጣሽልኝ።»

ሥራ አመራር ወደሚያስተምር አንድ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አብረን ሄድን። የቅበላ ክፍል ኃላፊዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ያንኑ መነጽር ጠረጴዛው ላይ የምትፈልግ ዓይነት ሴት ነበረች። ትራንስክሪፕቱን አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«መግቢያችን ሁለት ነጥብ ሰባት አምስት ነው» አለችው። «ከዚያ በታች ያለ አይገባም ማለት አይደለም። ግን ሌላውን ነገር ሁሉ ማጠንከር አለብዎት። የመግቢያ ፈተናው ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ያምጡ። ስታቲስቲክስና አካውንቲንግ ዝቅተኛ ስላመጡ፣ እነሱን በማታ ኮርስ እንደገና ወስደው ያሳዩን። ከአሠሪዎ ደብዳቤ ያምጡ፤ ‹ጎበዝ ነው፣ ታታሪ ነው› የሚል ሳይሆን ምን እንደሠሩ የሚል። ይቺ የመጨረሻዋ ገጽ ደግሞ…» ብላ ባዶ ገጽ አወጣች። «ውጤትዎ ለምን እንደወደቀ ማብራሪያ ነው። ግዴታ አይደለም። ግን በእንዲህ ያለ ውጤት ባዶዋን ከመለሷት ኮሚቴው መልሱን ራሱ ይሞላዋል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩን እኔ ያዝኩት። አስተማሪ ስለሆንኩ ሰው በእጄ ከገባ አለቀለት። የሰባት ወር እቅድ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩለት። እቅዱን አነበበና «ምሳ የምበላው መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሚኖረው አባዬ በተወልን ቤት ውስጥ ነው። እናታችን ልጆች ሳለን ስለሞተች ያሳደገን አባዬ ነበር፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አባዬ ከሞተ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነውም ወንድሜ ዛሬም የሚተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው፤ መኝታ ቤቱን በየሳምንቱ ይጠርገዋል እንጂ አይተኛበትም። «ግባና ተኛበት እንጂ፣ ሙዚየም ነው እንዴ?» ስለው «ሳሎኑ ይሻለኛል» ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ላስጠናው ስሄድ ሬዲዮው ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ለማንም አይደለም የሚያወራው። አንድ ቀን ልዘጋው ስል «ተዪው፣ ዝም ካለ ቤቱ ይከብዳል» አለኝ። ልብ አላልኩትም፤ ወደ ስታቲስቲክሳችን ተመለስን።

የገረመኝ፣ ማስጠናት አላስፈለገውም። አንዴ የነገርኩትን ሁለተኛ አይጠይቀኝም። አንዳንዴ እንዲያውም እኔ ስሳሳት «እታለም፣ እዚህ ጋ መቀነስ ነበረብሽ» ብሎ በእርሳሱ ጫፍ ያሳየኛል። በማታው ኮርስ በሁለቱም ኤ አመጣ። የመግቢያ ፈተናው ላይ ከመቶ ዘጠና አንድ አመጣ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ደግሜ አየሁ።

«ይሄ ልጅ ደደብ አይደለም እኮ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ።

የአሠሪው ደብዳቤ ግን አስቸገረን። ዋናው ሥራ አስኪያጅ «አንተው ጻፈውና አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» ብሎታል። ወንድሜ ሦስት ቀን ሲያምጥ ሰንብቶ ያመጣው ደብዳቤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ «ሠራተኛው ሰዓት ያከብራል» ይላል። ደሜ ፈላ። በነጋታው ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ።

ወንድሜን ሥራ ላይ ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ሰማያዊ ካፖርቱን ለብሶ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲሄድ ድምፅ የለውም። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን በትልቁ ተጽፏል። ቀኑ የቀረበው ከፊት፣ የራቀው ከኋላ ነው። የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ነጂ ጠጋ ብሎኝ «እሱ ከመምጣቱ በፊት በየዓመቱ አንድ መኪና ሙሉ ጊዜው ያለፈበት ዕቃ እናቃጥል ነበር» አለኝ። «አሁን የእጅ ጋሪ አይሞላም። ለማንም ግን አይናገርም።» ይህን ጻፍኩ። አዲሱን የርክክብ ቅጽ ያወጣው እሱ መሆኑን፣ ሌሎች ሦስት ቅርንጫፎችም ከእሱ መገልበጣቸውን ጻፍኩ። ዋናው ሥራ አስኪያጅ አንብቦ ሲጨርስ እስክሪብቶውን አንስቶ «ይሄን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው እንዴ?» አለ፤ ፈረመም።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሠራተኞቹ ግቢው ውስጥ ካርቶን አንጥፈው ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ኃላፊዎቹ ፎቅ ላይ ወዳለው ክፍላቸው ወጡ። ወንድሜ ምሳ ዕቃውን ይዞ ጠረጴዛው ጋ ቀረ። ሠራተኞቹ አለቃ ነው ብለው አይጠሩትም፣ አለቆቹ ተጠባባቂ ነው ብለው አይጠሩትም። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የበላው። ያን ቀን አብሬው በላሁ፤ እሱም ከወትሮው ቶሎ ቶሎ እያወራ በላ። አንጀቴን በላው።

ያቺ የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ቀረች። የማመልከቻው ማስገቢያ ቀን ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ጽፌዋለሁ ብሎ ሰጠኝ። እንዲህ ይላል፦ «በዚያን ጊዜ በደንብ አላጠናሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።» በቃ።

«ይሄ ምንድን ነው? ንስሐ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «ሰባት ወር የለፋነው ለዚህ ነው?»

«እውነቱ ይሄ ነው» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ። የቅዳሜ ፈረቃ ነበረበት።

ንዴቴ አልበርድ ስላለ የትምህርት ወረቀቶቹን የያዘውን ፖስታ አወረድኩ። ወንድሜ ወረቀት አይጥልም፤ የየሴሚስተሩ የምዝገባ ወረቀት ከነቀንና ሰዓቱ ተራ በተራ ተቀምጧል። ትራንስክሪፕቱን ከጎኑ አድርጌ አንድ በአንድ አየሁት። ይህን ያህል ዘመን ስቀልድበት አንድም ቀን ገልጬ አይቼው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሴሚስተሮች ከሦስት በላይ ናቸው። የመጨረሻው ሴሚስተር ሦስት ነጥብ አምስት ነው። የወደቀው መሐል ላይ አራት ሴሚስተር ብቻ ነው። እነዚያ ላይ ደግሞ ዲ አለ፣ ቢ አለ፤ መሐከለኛ የለም። ዲ ያመጣባቸውን ኮርሶች ከምዝገባ ወረቀቱ ላይ አስተያየኋቸው። ሁሉም ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚሰጡ ናቸው። ቢዎቹ በሙሉ የማክሰኞና የሐሙስ ናቸው።

በትምህርት ቤታችን የክፍለ ጊዜ ድልድል የማወጣው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ስደለድል ለጂኦግራፊ አስተማሪው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ አልሰጠውም። ሚስቱን ለኩላሊት እጥበት የሚያመላልሰው በእነዚያ ቀናት ነው።

ዓይኔ ወደ አባዬ መኝታ ቤት በር ሄደ።

እኔ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነበር። በዓመት አሥር ቀን ነበር የምመጣው፤ የቀረውን የእረፍት ጊዜ እዚያው ተማሪ አስጠና ነበር። በመጣሁ ቁጥር አባዬና ወንድሜ ጠዋት ተያይዘው ይወጣሉ፣ «የአባዬ ወዳጅ ሱቅ ሄደን ነው» ይላሉ። አባዬ በዚያ ሙቀት እጅጌው ረጅም ሹራብ ይለብሳል። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው በዚህ ፀሐይ?» ስለው «ብርድ ብርድ ይለኛል የኔ ምሁር» ይለኛል። የእጥበቱ መርፌ ያሳበጠውን ክንዱን አላየሁም። አባዬ የሞተው የወንድሜ አራተኛ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ሊያልቅ ሲል ነው። ተደውሎልኝ ደርሼ ቀበርኩ። «በድንገት ነው፣ ልቡ ነው» አሉኝ። አልቅሼ ተመለስኩና ትምህርቴን ጨረስኩ።

ወንድሜ ከፈረቃው ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ዘርግቼ ጠበቅኩት። ገና በሩ ላይ እንዳለ አያቸው። ቦርሳውን አላስቀመጠም።

«አባዬ ኩላሊቱን ነበር የታመመው?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«አንተ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሬዲዮው ላይ የሆነ ሰው ስለ አየር ሁኔታ ያወራል።

«አስምሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹ትጨርስ፣ ከዚያ እኔው ራሴ እነግራታለሁ› አለኝ።»

«ሳይነግረኝ ሞተ።»

«አዎ።»

«አንተስ? አሥራ አራት ዓመት ምን አፍህን ያዘው?»

«መጀመሪያ ሐዘንሽ ይብረድ አልኩ። ከዚያ ሥራ ያዝሽ። ከዚያ አገባሽ። ከዚያ ፈታሽ። መቼ ልንገርሽ? ቀኑ አልመጣ አለ።»

«ሁለት ነጥብ እያልኩ ስሰድብህ ዝም ብለህ ትሰማለህ?»

«ስድብ አልነበረም እኮ» አለኝ። «አንቺ መጥተሽ ስታሾፊብኝ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።»

ያን ጊዜ የት ልግባ። እሱ ግን አንዴ ከጀመረ በኋላ ቀለል ያለው ይመስል ትንሽ ነገረኝ። እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል። አባዬ እንቅልፍ ሲወስደው ደብተሩን ጭኑ ላይ ይገልጣል፤ ግን ማሽኑ በጮኸ ቁጥር ነርሷን ለመጥራት ይነሳል፣ ሲመለስ የት ገጽ ላይ እንደነበር ይጠፋዋል። ከወጡ በኋላ አባዬ ስለሚዝል ደግፎ ወደ ቤት ይወስደዋል። ጓደኞቹ መጀመሪያ «የት ጠፋህ?» ይሉት ነበር፤ ቆይተው መጠየቅ ተዉ። በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከአባዬና ከነርሶቹ በቀር ከማንም ጋር አሥር ደቂቃ አውርቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ይህን ሲል ስሞታ አልነበረበትም፤ የዕቃ ቁጥር እንደሚናገር ሰው ነበር የተናገረው።

«ይሄንኑ ጻፈው እንግዲህ!» አልኩት። «የሚፈልጉት እኮ ይሄንን ነው!»

«አልጽፍም።»

«ለምን?»

«አባዬን ምክንያት አላደርገውም» አለ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም፤ ያን ዕለት ከፍ አደረገ።

አሁን የማወራው ስለ ጥፋቴ ነው። የማመልከቻውን ፖስታ የማስገባው እኔ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤቱ ለእኔ ሥራ ቦታ ይቀርባል። ከማስገባቴ በፊት የእሱን ሁለት ዓረፍተ ነገር አወጣሁና በምትኩ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ከተትኩ፣ በእሱ ስም። አባዬን፣ ሕመሙን፣ የሰኞን፣ የረቡዕንና የዓርብን ነገር ሁሉ ዘረዘርኩ። እንባ የሚያስመጣ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ለእሱ ብዬ ነው እላለሁ፤ ግን ለራሴም ነበር። ሁለት ዓመት ያልነበርኩበትን በአንድ ገጽ ላካክስ ፈልጌ ነው። ለወንድሜ አልነገርኩትም። ማመልከቻው አንዴ ከገባ ገጹን ዳግም አያየውም ብዬ ነበር። ቃለ መጠይቅ እንዳለ እያወቅሁ እንዲህ ማሰቤ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የቃለ መጠይቁ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። እሑድ አልነበረም።

«እታለም፣ ገጹን ቀይረሽዋል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የመጣው እሑድ ስልኬ አልጮኸም። ቀጣዩም እሑድ አልጮኸም። ስደውል አያነሳም። በሦስተኛው ሳምንት መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። ዘበኛው ጠራልኝና በሰማያዊ ካፖርቱ እስከ በሩ ወጣ። ከስቷል።

«ተቆጣኝ» አልኩት። «ስደበኝ፣ ጩህብኝ፣ የፈለግከውን በለኝ። እንዲህ ዝም አትበለኝ።»

«ጭነት እየገባ ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ እንደመራራት ብሎ «በአውቶቡስ ነው የመጣሽው? በጎን ያለው ፌርማታ ይቀርብሻል» ብሎ በእጁ አሳየኝና ተመለሰ። ቀኑን ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አውቶቡሱ ላይ ገነፈለብኝና በሰው ፊት አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሰብሰብ አደረገች። በዚያ ወር ቤቴ ውስጥ ሬዲዮ መክፈት ጀመርኩ።

የምሰጋው ለእኔና ለእሱ ብቻ አልነበረም። ወረቀቱ ካልመጣ በመጋዘኑ ከላዩ ሰው ይቀመጣል። ያን ሁሉ ኤና ያን ሁሉ ዘጠና አንድ በእኔ እጅ ገደል ከትቼው እንደሆነስ? ከላዩ ለተቀመጠ ሰው የገዛ ሥራውን የሚያስተምረው ወንድሜ በዓይኔ ይመጣብኛል፤ በትዕግሥት፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ካርቶን በካርቶን እያሳየ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ወንድሜ ነው። ሳይደውል መጥቶ አያውቅም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ከደረት ኪሱ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጣና አንዱን ወደ እኔ ገፋው።

ተቀብለውታል። «በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ቅበላ» ይላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴሚስተሮች ከሦስት በታች ካመጣ ይሰረዛል። መጋዘኑም ወረቀቱን አይቶ «ሥራ አስኪያጅ» የሚለውን ስያሜ ጽፎ በማኅተም ሰጥቶታል። ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ ጠረጴዛውን ዞሬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። አቀፈኝ፤ ግን የሚቀር ነገር እንዳለ ገባኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

የዚያን ቀን የሆነውን ነገረኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ ጠያቂዎቹ። ሰብሳቢው መጀመሪያ ስለ መጋዘኑ ጠየቀው፣ እሱም ጥሩ መለሰ። ከዚያ አንዷ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስለ አባትዎ የጻፉት በጣም ልቤን ነክቶታል» አለችው።

«ምን ጻፍኩ?» ብሎ ጠየቃት።

ገጹን አሳዩት። አነበበው። ከዚያም «ይህን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት። የተጻፈው ግን እውነት ነው» አላቸው። ሰብሳቢው ማመልከቻው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ የአመልካቹ መሆን እንዳለበት፣ አለዚያ ፋይሉ እንደሚዘጋ ነገረው። ወደ ኮሪደር አስወጡት። ሃያ ደቂቃ ያህል ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሲመልሱት ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል። የእኔን ገጽ ቀደውታል። ሰብሳቢው «ግማሽ ሰዓት አለዎት» አለው። «ከፈለጉ ይጻፉ፣ ካልፈለጉም ይሂዱ። እንደገና ቢማሩ ኖሮ ምን ይለውጡ ነበር? እሱን ብቻ ይመልሱልን።»

«ልሄድ ነበር» አለኝ ወንድሜ። «ተነስቼ በሩን ይዤው ነበር።»

«ታዲያ?»

ሁለተኛውን ወረቀት ገፋልኝ። ቅጂው ነው፤ በእሱ ቀጥ ያለ የመጋዘን ጽሕፈት።

«ከሁለተኛ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት ያደርግ ነበር። የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ዝቅተኛ ውጤቶቼ የእነዚያ ቀናት ኮርሶች ናቸው። እንደገና ብማር ውጤቴን አልለውጥም፤ ዛሬም አባቴን ይዤ እሄዳለሁ። የምለውጠው አንድ ነገር ነው። እህት አለችኝ፣ አልጠራኋትም። አባቴ በመጨረሻው ሳምንት የክፍሉ በር በተከፈተ ቁጥር ከትራሱ ቀና ይል ነበር። ማንን እንደሚጠብቅ አውቅ ነበር። ያም ሆኖ አልጠራኋትም። እኔና አባቴ ብቻችንን ነበርን፣ እሷም ሳታውቀው ብቻዋን ነበረች። አሁን በምሠራበት መጋዘን አንድ ነገር ሲጎድል ዝም አልልም፤ በዚያው ቀን ለሚመለከተው ሰው እናገራለሁ። ይህን የተማርኩት ከዚያ ነው።»

አንብቤ ስጨርስ ፊደሎቹ አይታዩኝም ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ያለው አባዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በዚያ ሳምንት እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበርኩ። የት ጋ እንደተቀመጥኩ እንኳ አስታውሳለሁ።

«ብትጠራኝ እኮ እመጣ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ሁሉንም ትተሽ ነበር የምትመጪው። ለዚህ እኮ ነው ያልጠራሁሽ።»

እጁን ይዤ አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም፤ የእሱን ልቅሶ ድሮ ብቻውን ጨርሶታል።